የበረዶ ውሽንፍር በገጠር መንገድ ላይ ሲደርስብዎ፦ አነዳድ፣ አቋቋምና አጠባበቅ

በረዶ ዝም ብሎ ሲወርድ መንገዱ ይከብዳል እንጂ አይጠፋም። መንገዱን የሚያጠፋው ነፋስ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት አንድን ሁኔታ የበረዶ ውሽንፍር የሚለው ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ዕይታ ከ400 ሜትር በታች ሲወርድና ይህም ቢያንስ 3 ሰዓት ሲዘልቅ ነው። የሚወርደው በረዶ ውፍረት በመመዘኛው ውስጥ የለም። ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ነፋሱ ትናንት የወደቀውን ደረቅ በረዶ ከሜዳው ላይ ጠርጎ መንገዱን በደቂቃዎች ውስጥ ሊሰውረው ይችላል።

ገጠር ላይ ነገሩ ይብሳል። የመንገድ መብራት የለም፣ ነፋስ የሚሰብር ቤትና ዛፍ ጥቂት ነው፣ በረዶ ጠራጊ መኪና የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው፣ ስልክም ይቆራረጣል። ስለዚህ ከዚህ በታች ካሉት ምክሮች ሁሉ የሚቀድመው አንድ ነው፦ የት እንደሚቆሙ ገና ዓይንዎ እያየ ይወስኑ። ዘግይቶ የቆመ ሹፌር የሚቆመው መንገድ መሃል ነው።

ከመድረሱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ከፊት ለፊት ከሰማይ እስከ መሬት የተዘረጋ ግራጫ ወይም ነጭ መጋረጃ ሲያዩ፣ ያ ደመና ሳይሆን የሚወርድ በረዶ ነው። በረዶ እንደ እባብ እየተጥመለመለ አስፋልቱን ሲያቋርጥ ነፋሱ በረዶውን ማንሳት ጀምሯል ማለት ነው። ከፊት የሚመጡ መኪኖች አፍንጫቸውና መብራታቸው በረዶ ለብሶ ከሆነ፣ እርስዎ ወዳለፉበት ሳይሆን እነሱ ወዳለፉበት እየሄዱ ነውና ያስቡበት። የመኪናው የውጭ ሙቀት መለኪያ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ዲግሪ ከወረደ፣ እርጥብ የነበረው አስፋልት ወደ ግግር እየተለወጠ ነው።

ድንገተኛ የበረዶ ወጀብ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይም። ነዳጅ ማደያ ገብቶ መጠበቅ ብቻውን ችግሩን የሚፈታበት ጊዜ ብዙ ነው። እውነተኛው ውሽንፍር ግን ለሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይዘልቃል። የትኛው እንደሆነ ከሬዲዮ ወይም ከስልክ ትንበያ የሚያጣሩት ሞገድ እያለ፣ ቆመው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች

1. እግርዎን ከነዳጅ መስጫው ላይ ቀስ አድርገው ያንሱ። ፍሬን በድንገት አይርገጡ፤ ከኋላዎ ያለው ሹፌርም የሚያየው እርስዎ የሚያዩትን ያህል ነው። የኋላ ማሳያ መስታወቱን አይተው ፍጥነቱን በዝግታ ያውርዱ።

2. መብራቱን በእጅዎ ወደ አጭር መብራት ያዙሩት። በአውቶማቲክ ላይ አይተዉት። ነጭ ውሽንፍር ብሩህ ስለሆነ ዳሳሹ «ቀን ነው» ብሎ ሊያጠፋው ይችላል፤ በብዙ መኪኖች ደግሞ የቀን መብራቱ የሚበራው ከፊት ብቻ ነው፣ ከኋላ ጨለማ ነው። ሹፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስላየ ሁሉም የበራ ይመስለዋል። የኋላ የጭጋግ መብራት ካለ ያብሩ። ረጅም መብራት ግን ብርሃኑ ከበረዶው ቅንጣት ላይ ነጥሮ ወደ ዓይን ስለሚመለስ ከፊትዎ ነጭ ግድግዳ ያቆማል።

3. ክሩዝ ኮንትሮል (ፍጥነትን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ) ያጥፉ። ጎማው ሲንሸራተት ነዳጅ የሚጨምር መሣሪያ እግርዎ ሊሠራው የሚገባውን ይቀማዎታል። መስመር የሚጠብቁና ርቀት የሚለኩ ካሜራዎችና ራዳሮችም በረዶ ሲለጠፍባቸው ይታወራሉ።

4. ሞቃቱን አየር በሙሉ ኃይል ወደ ፊት መስታወት ይምሩ፣ ኤሲውንም አብረው ያብሩ፤ አየሩን ያደርቀዋል። የውስጥ አየር ማዘዋወሪያው መጥፋት አለበት፣ አለበለዚያ የተሳፋሪው ትንፋሽ መስታወቱን ያደበዝዘዋል። የኋላ መስታወት ማሞቂያም ይብራ።

5. ሙዚቃ ያጥፉ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይተው ካለፉበት የመጨረሻ የታወቀ ቦታ ስንት እንደተጓዙ ይያዙ፤ «ከማደያው ወደ ሰሜን 7 ኪሎ ሜትር» የሚል መረጃ በኋላ ለፍለጋ ሰዎች ትልቅ ነገር ነው። ተሳፋሪ ካለ ያሉበትንና የሚሄዱበትን መንገድ ለአንድ ሰው በጽሑፍ መልእክት ይላክ። ደካማ ሞገድ ላይ ጥሪ ሳያልፍ መልእክት ሊያልፍ ይችላል።

ፍጥነት የሚለካው በሚያዩት ርቀት ነው

ሕጉ አንድ ነው፦ በሚታይዎ ርቀት ውስጥ መቆም መቻል። ቁጥሩን ስናሰላው፣ አደጋውን አይቶ ፍሬን ለመርገጥ የሚወስደውን 1.5 ሰከንድ ያህል ጨምረን፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በደረቅ አስፋልት 70 ሜትር አካባቢ ላይ ሲቆም፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ 160 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ50 ኪሎ ሜትር በረዶው ላይ 70 ሜትር፣ ግግር ላይ 120 ሜትር ያህል ነው። በ30 ኪሎ ሜትር 30 ሜትርና 48 ሜትር፣ በ20 ኪሎ ሜትር ደግሞ 16 ሜትርና 24 ሜትር ገደማ። እንግዲህ የሚያዩት 50 ሜትር ብቻ ከሆነ፣ ከስሩ ግግር ይኑር አይኑር ስለማያውቁ፣ መቆሚያ እስኪያገኙ ድረስ ጣሪያዎ 30 ኪሎ ሜትር ነው። 25 ሜትር ብቻ ካዩ 20 ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን ጥያቄው ፍጥነት መሆኑ ቀርቶ መቆሚያ ሆኗል።

ከፊትዎ መኪና ካለ ከ8 እስከ 10 ሰከንድ ርቀት ይተዉ። እሱ አንድ ምልክት ሲያልፍ መቁጠር ይጀምሩና እርስዎ እዚያ እስኪደርሱ ይቁጠሩ። የፊተኛውን የኋላ መብራት ብቻ ተከትሎ መንዳት ያጽናናል፤ እሱ ቦይ ውስጥ ሲገባ ግን አብሮ ያስገባል። በአራቱም ጎማ የሚጎትት መኪናም መነሻ ላይ ያግዛል እንጂ ማቆሚያ ላይ ከሌላው አይለይም። ሁሉም መኪና በአራት ጎማ ነው የሚቆመው።

መንገዱን መፈለግ

ነጩ ሲበረታ ዓይን የሚይዘው ነገር ያጣል፤ መኪናው ቆሞ እያለ የሚሄድ፣ እየሄደ የቆመ ይመስላል። የፍጥነት መለኪያውን ደጋግመው ይመልከቱ፤ ስሜትዎን አይመኑ። በረዶው ራሱ ላይ አያፍጥጡ፣ ከሱ ወዲያ ያለውን ጥቁር ነገር ይፈልጉ፦ የጠርዝ ምልክት እንጨቶችን፣ የአጥር ችካሎችን፣ በቦዩ ዳር ከበረዶው በላይ የቀረውን ረጅም ሣር። የመብራት ምሰሶዎች ይረዳሉ፣ ነገር ግን መንገዱ ሲታጠፍ መስመሩ ቀጥ ብሎ ሜዳ አቋርጦ ሊሄድ ስለሚችል ብቻቸውን አይከተሏቸው። ጠርዙ ላይ የተቦረቦረ አስፋልት ካለ ጎማው ሲነዝረው ይሰማዎታል።

ብዙ ሰው ቦዩን ፈርቶ መንገድ መሃል ይይዛል። ከፊት የሚመጣውም ይህንኑ ያደርጋል። በራስዎ መስመር ይቆዩ፣ ጠርዙን ግን አይልሱት፤ እዚያ ያለው በረዶ ልል ስለሆነ አንዱን ጎማ ይዞ መኪናውን ወደ ቦይ ይስባል። ጎማው ከገባብዎ መሪውን በኃይል አይመልሱ። እግርዎን ከነዳጁ አንስተው፣ ፍጥነቱ ሲወርድ በትንሽ ማዕዘን ይመለሱ።

የበረዶ ክምር የሚጠብቅዎ ነፋሱ በሚዳከምበት ቦታ ነው፦ መንገዱ ኮረብታ ሰንጥቆ ሲያልፍ፣ ከዛፍ ረድፍ ወይም ከአጥር ጀርባ። ክምሩ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ይወፍራል፤ በፍጥነት ከገቡበት አንደኛውን ጎን ይይዝና መኪናውን ያዞረዋል። ከፊት ለፊት ክምር ካዩ ከመግባትዎ በፊት ያዝግሙ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ ውስጡ ሳሉ ፍሬን አይንኩ። ከመኪናዎ ሆድ በላይ የሚደርስ ክምር ግን አይሞክሩት፤ መኪናው ሆዱ ላይ ይቀመጥና ጎማዎቹ መሬት ያጣሉ።

ድልድይ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይግግራል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍዎ ለጥቂት ሰከንድ ምንም የማያዩበት የበረዶ ደመና ይተዋል፤ ሳይደርስብዎ ቀድመው ያዝግሙ፣ የጠርዙን ቦታ በዓይንዎ ይያዙ፣ ከዚያ መሪውን ሳያወዛውዙ ይጠብቁ። በረዶ ጠራጊ መኪና ካገኙ ዕድለኛ ነዎት። ከኋላው ራቅ ብለው ይከተሉት እንጂ አይቅደሙት፤ ከፊቱ ያለው መንገድ ከኋላው ካለው የባሰ ነው፣ ሹፌሩም በሚያስነሳው ደመና ውስጥ አያይዎትም።

የአቅጣጫ መሪ ካርታ «አቋራጭ አለ» ቢልዎ እሺ አይበሉት። ካርታው የሚያውቀው የሌላ መኪና አለመኖርን ነው፤ መንገዱ ያልተጠረገ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

ሲንሸራተት

የፊት ጎማዎቹ ሲንሸራተቱ መሪውን ቢያዞሩም መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሰው እጅ መሪውን ይበልጥ ማዞር ይፈልጋል፣ ያ ግን ያባብሰዋል። ነዳጁን ይልቀቁ፣ መሪውን በጥቂቱ ወደ ቀጥታ ይመልሱ፣ ጎማው መሬት ሲይዝ እንደገና በቀስታ ያዙሩ። የኋላው ሲንሸራተት ጭራው ወደ ቀኝ ከሄደ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ከሄደ ወደ ግራ፤ መኪናው ሲቃና መሪውንም ወዲያው ያቅኑ፣ አለበለዚያ በሌላው ወገን ይወናጨፋል። በሁለቱም ሁኔታ ዓይንዎ መሄድ የሚፈልጉበት ላይ ይሁን። እጅ ዓይንን ይከተላል።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲረገጥ ጎማው እንዳይታሰር የሚያደርግ ሥርዓት) ያለው መኪና ላይ በአደጋ ጊዜ ፍሬኑን አጥብቀው ረግጠው ይቆዩ። እግርዎ ስር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል፤ እየሠራ ነውና አይልቀቁ። ልል በሆነ ወፍራም በረዶ ላይ ግን ኤቢኤስ የማቆሚያውን ርቀት ያስረዝመዋል። የታሰረ ጎማ ከፊቱ በረዶ ክምር ሠርቶ ይቆም ነበር፤ የሚሽከረከረው ጎማ ያን ክምር አይሠራም። የሚያገኙት ጥቅም እየቆሙ መሪውን መጠቀም መቻልዎ ነው።

ዳገት ላይ የሚወጡበትን ጉልበት ከታች ይዘው ይግቡ፤ መሃል ላይ ማርሽ አይቀይሩ፣ አይቁሙ። ቁልቁለት ላይ ከመውረድዎ በፊት ማርሽ ይቀንሱ፤ እየወረዱ በድንገት መቀነስ ግን ራሱ ጎማውን ያንሸራትታል።

መቼ ነው የሚቆሙት?

ከሚከተሉት አንዱ ከታየ ጉዞው አብቅቷል፦ ዕይታው 50 ሜትር አካባቢ ሲደርስ፣ የመንገዱን ጠርዝ በተከታታይ ሲያጡት፣ ወይም የመስታወት መጥረጊያው በረዶ ስለለበሰ መስታወቱ ከማሞቂያው አቅም በላይ ሲሸፈን። የሚቀጥለው ከተማ 10 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢቀርም በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ግማሽ ሰዓት ነው፤ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁኔታው የሚብስ እንጂ የሚሻል መሆኑን የሚያረጋግጥልዎ የለም።

የሚመረጠው ነዳጅ ማደያ፣ ትምህርት ቤት፣ ወይም ሰው የሚኖርበት ግቢ ነው። የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት አያሳፍርም፤ በዚህ አየር የሚያንኳኳን ሰው የገጠር ሰው አይመልስም። እሱ ከሌለ ጠንካራ መሬት ያለው የእርሻ መግቢያ ወይም ሰፋ ያለ መገናኛ ይፈልጉ። ሙሉ በሙሉ ከመስመሩ ይውጡ፤ ከኩርባና ከኮረብታ አናት ጀርባ ግን አይቁሙ፣ የሚመጣው መኪና የሚያይዎ ሲደርስብዎ ነው። ሲቆሙ አራቱንም ፍሬቻ ያብሩ፣ ከኋላ የመመታት አደጋ እስካለ ድረስ ቀበቶዎን አይፍቱ፣ ጭንቅላትዎን ከመደገፊያው ያስጠጉ። እየሄዱ ሳሉ አራቱን ፍሬቻ ማብራት ግን በብዙ መኪኖች የመታጠፊያ ምልክትዎን ስለሚሸፍን ያሳስታል።

ከተያዙ

መጀመሪያ ነዳጅ መርገጥ አይደለም። የሚሽከረከር ጎማ በረዶውን አቅልጦ ግግር ያደርገዋል፤ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ መውጫዎን በገዛ ጎማዎ ዘግተውታል። ከአራቱም ጎማ ፊትና ኋላ፣ ከሆዱም ስር ያለውን በአካፋ ያውጡ። መሪውን ያቅኑ። ከሚጎትቱት ጎማዎች ስር አሸዋ ይበትኑ፤ ከሌለ የወለል ምንጣፍ ያስገቡ፣ ማንም ግን ከኋላ አይቁም፣ ምንጣፉ ይወነጨፋልና። የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን ለጊዜው አጥፍተው በዝቅተኛ ማርሽ ወደፊትና ወደኋላ በቀስታ ያወዛውዙ። ሥራውን በእርጋታ ያድርጉት፤ በላብ የራሰ ልብስ በኋላ ገላን ያበርዳል፣ የበረዶ ዝቀትም ልብን ክፉኛ ያደክማል። ከጥቂት ሙከራ በኋላ እምቢ ካለ ይተዉት።

ከዚያ በኋላ መኪናው መጠለያ ነው፣ ከሱ አይውጡ። በነጭ ውሽንፍር ውስጥ ሰው 20 ሜትር ርቆ መኪናውን ያጣል። ፈላጊዎችም ከሰው ይልቅ መኪና በቀላሉ ያገኛሉ። የሚወጡት ብርሃን ያለበት ቤት በግልጽ ከታየዎት ብቻ ነው። ለአደጋ ጊዜ ይደውሉ፤ በአውሮፓ 112፣ በሰሜን አሜሪካ 911 ነው። የመንገዱን ስም፣ የኪሎ ሜትር ምልክቱን፣ ከስልኩ ካርታ ላይ የሚገኘውን የቦታ ቁጥር፣ የሰዎቹን ብዛት ይንገሩ።

አሁን ከብርዱ በላይ የሚያስፈራው ጭስ ነው። ጥር 2022 በፓኪስታን ተራራማ ከተማ በሙሪ በረዶ ብዙ መኪኖችን ይዞ ከ20 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ከሟቾቹ አንዳንዶቹን የገደለው በመኪና ጭስ ውስጥ ያለው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እንደሆነ ተነግሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በረዶ የጭስ ማውጫውን ይዘጋል፣ ሞተሩ ለሙቀት ይሠራል፣ ጭሱ መውጫ ሲያጣ በወለሉ በኩል ወደ ውስጥ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ማዞርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው፤ የደከመ ሰው ደግሞ እነዚህን ከድካም ይቆጥራቸዋል። ስለዚህ ሞተር ከማስነሳትዎ በፊት ሁልጊዜ ወጥተው የጭስ ማውጫውንና ዙሪያውን ይጥረጉ። ቀደም ሲል ጠርጌዋለሁ አይበሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ነፋሱ እንደገና ይሞላዋል። ሞተሩን በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ያህል ያሠሩ፣ ነፋሱ በማይመታበት ወገን ያለውን መስኮት ጣት ያህል ይክፈቱ። ከላይ ከተጠቀሱት ምልክቶች አንዱ ከተሰማ ሞተሩን አጥፍተው በሩን ይክፈቱ።

አንድ መለስተኛ መኪና ቆሞ ሲሠራ ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ1 ሊትር ብዙም አይበልጥም። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ከሆነ በ24 ሰዓት 4 ሊትር አካባቢ ይበቃል። የታንከሩን ግማሽ ሳያጎድሉ መንዳት የሚመከረው ለዚህ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ጭስ ስለሌለው ማሞቂያውን ያለዚህ ሥጋት መጠቀም ይቻላል፤ ባትሪውን የሚቆጥቡት የወንበርና የመሪ ማሞቂያውን በማስቀደም ነው።

ውጭ ከወጡ ብሩህ ጨርቅ በአንቴናው ወይም በበሩ ላይ ያንጠልጥሉ። ማታ የውስጥ መብራቱን የሚያበሩት ሞተሩ ሲሠራ ብቻ ይሁን። ራስዎን ከመቀመጫው ብርድ ይከላከሉ፤ ካርታ፣ ጋዜጣና ምንጣፍ እንኳ ከልብስ ስር ሙቀት ይይዛሉ። አንዱ ሲተኛ ሌላው ይንቃ፣ ጣትና እግር ደጋግሞ ይንቀሳቀስ። በረዶ አይብሉ፤ አቅልጠው ይጠጡ። አልኮል የሙቀት ስሜት ሰጥቶ የገላውን ሙቀት ያስወጣል። ሰው ምላሱ ሲተሳሰር፣ እጁ ዕቃ መያዝ ሲያቅተው፣ ግራ ሲጋባ ገላው በጣም ቀዝቅዟል፤ እርጥብ ልብሱን አውልቀው ሸፍነው፣ ከሌላ ሰው ገላ ጋር ያሙቁት። የነጣ፣ የደነዘዘ ጣት አይታሸም፣ በበረዶ አይፈተግም።

በመኪናው ውስጥ መኖር ያለበት

አካፋ፣ የበረዶ መጥረጊያና መፋቂያ፣ ብርድ ልብስ ለእያንዳንዱ ሰው፣ የእጅ ባትሪ፣ የባትሪ ማስነሻ ገመድ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ 10 ኪሎ አሸዋ፣ ውሃ፣ ሳይበስል የሚበላ ነገር፣ የስልክ ቻርጅ፣ ፊሽካ። አካፋው ከኋላ በበረዶ ከተዘጋ በር ጀርባ ሳይሆን ከውስጥ እጅ በሚደርስበት ይቀመጥ።

ጎማው በሦስት ጫፍ ተራራ ውስጥ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያለበት የክረምት ጎማ ይሁን፣ ጥርሱም ቢያንስ 4 ሚሊ ሜትር። የበጋ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴልሲየስ በታች ይደርቃል። የጎማ ንፋስ ሙቀቱ 5.5 ዲግሪ በወረደ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በብርድ ይለኩት። የመስታወት ማጠቢያ ፈሳሹ የክረምት ዓይነት ይሁን፣ ውሃ ከሆነ መስታወቱ ላይ ይግግራል። ሰንሰለት ካለ በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ይታሰራል፤ መጀመሪያ ደረቅ ቦታ ላይ ይለማመዱት።

ውሽንፍሩ ሲያልፍ

ወዲያው አይነሱ። የፊት መብራቶቹን ይጥረጉ፤ ኤልኢዲ መብራት ሙቀቱ ትንሽ ስለሆነ በረዶውን አያቀልጥም። ጣሪያውንም ያራግፉ፣ ፍሬን ሲረግጡ ሙሉው ክምር መስታወትዎ ላይ ይወርዳል። የአየር መሳቢያውና የራዲያተሩ ፊት በደቃቅ በረዶ ተጠቅጥቆ ሊሆን ስለሚችል ያጽዱ። በመጨረሻ የጎማዎቹን ቸርኬ ውስጥ ይመልከቱ። እዚያ የተለጠፈ በረዶ ጎማውን ሚዛን ያሳጣዋል፤ ፍጥነት ሲጨምሩ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ መኪናው ተበላሸ ብለው አይደንግጡ፣ ቆመው በረዶውን ያውጡት።